ጉማሬ ሰው አይጠብቅም

«አስራ አንድ ተኩል ማለት አስራ አንድ ተኩል ነው!» አለች አብርሆት፣ ለሦስተኛ ጊዜ። በእጇ የያዘችው የስም ዝርዝር ከመጨማደዱ የተነሣ ጫፉ ተቀዷል።

«አንቺ ልጅ፣ ድምፅሽን ቀንሺ። ሰፈሩ ተኝቷል» አሉ መምህር ወልደሥላሴ።

«የተኛው ሰፈሩ አይደለም ቲቸር። ጋሽ ወንድማገኝ ናቸው የተኙት።»

ከቆመው ኮስተር መኪና የኋላ ወንበር አብዮት በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ግን አልሳቁም፤ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ስበው ወደ መንገዱ ተመለከቱ። ባዮሎጂ አስተማሪ ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበብም ኃላፊ። ከጎጃም ተመድበው ቦንጋ ከመጡ አራት ዓመታቸው ነው፤ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ተቆጥተው አያውቁም። ይህ ጥሩ ነገር ይመስላል። ጠዋት በብርድ ቆመው ሰው ሲጠብቁ ግን ያናድዳል።

ሰዓቱ ለአስራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። አስር ተማሪዎች ከአስራ አንድ ሩብ ጀምሮ መኪናው ውስጥ ተቀምጠዋል። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ እንቅልፉን ይለጥጣል። የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ጋሽ ወንድማገኝ ሲሆኑ፣ መኪናውን ያዋሰው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ «እኔም ጉማሬ አይቼ አላውቅም፣ አብሬያችሁ እሄዳለሁ» ብለው ነው ጉዞው ውስጥ የገቡት። ሁለተኛዋ ጸሐፊያቸው እትዬ ላቀች ናቸው። ሦስተኛዋ ደግሞ፣ አብርሆትን አንጀቷን ያሳረራት ይሄ ነው፣ መሲ ናት። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብራት የተቀመጠችው መሲ!

የጉዞውን ማስታወቂያ የጻፈችው አብርሆት ነበረች። የክበቡ ጸሐፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ የሰዓቱን ነገር ለማንም ማመን ስላልቻለች ነው። ቦንጋ ውስጥ ቀጠሮ ሁለት ሰዓት አለው፤ አንዱ የሚነገረው፣ አንዱ የሚታሰበው። ሠርግ ስድስት ሰዓት ከተባለ ስምንት ነው። ስብሰባ ሁለት ሰዓት ከተባለ ሦስት ተኩል ነው። ጠሪው ሰው እንደሚያረፍድ ስለሚያውቅ ሰዓቱን አስቀድሞ ይናገራል፤ ተጠሪው ደግሞ ጠሪው እንዳስቀደመ ስለሚያውቅ ያረፍዳል። እንዲህ እየተሸዋወዱ ሁሉም በሰላም ይኖራል። ስለዚህ አብርሆት በትልልቅ ፊደል «መነሻ 11፡30» ብላ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት፤ ቀጥላም «ይህ እውነተኛው ሰዓት ነው፤ አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም» ብላ አከለችበት። ተማሪው አንብቦ ስቋል። ቢሆንም አስሩ መጡ።

«እስቲ አንድ ጊዜ ደግመው ይደውሉላቸው ቲቸር።»

መምህሩ ደወሉ። ስልካቸው ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ሁሉም ይሰማል።

«መንገድ ላይ ነኝ፣ መንገድ ላይ!» አሉ ጋሽ ወንድማገኝ በደስተኛ ድምፅ። ከጀርባቸው ዘይት ቸስስ ሲል ይሰማል። «ምን ያስቸኩላል መምህር? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!»

ስልኩ ተዘጋ።

«እንቁላሉስ በእግሩ ሊሄድ ነበር፤ ጋሽዬ ጠበሱት እንጂ» አለ አብዮት። ኮስተሩ በሳቅ ተናወጠ። አብርሆትም ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ግን ሰዓቷን አየችና ሳቁ ከፊቷ ጠፋ።

«ቲቸር፣ ጋሽ ዓለሙ አንድ ሰዓት ላይ ጥለውን ይሄዳሉ።»

«ይጠብቁናል። ምን ይሆናሉ?»

«አምና ጠብቀውናል።»

የአምናውን ሁሉም ያውቀዋል።

ጋሽ ዓለሙ ጎጀብ ወንዝ አጠገብ የሚኖሩ ቡና ገበሬ ናቸው፤ ንብም ያነባሉ። ጉማሬዎቹ የሚውሉበትን የወንዙን ጥግ እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። አምና ክበቡ ለአንድ ሰዓት ቀጥሯቸው አምስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ሽማግሌው አራት ሰዓት ሙሉ በካፊያ ተቀምጠው ጠበቁ። ተማሪው ሲደርስ ወንዙ ውኃ ብቻ ሆኗል። ጉማሬ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ወደ ውኃው ይመለሳል፤ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ቄጠማው ውስጥ ይገባና አለቀ፣ ደህና ዋሉ ነው። ጋሽ ዓለሙ የዚያን ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩም። «ሰው ነኝ እኮ ልጆቼ፤ ግንድ አይደለሁም» ብለው ብቻ ሄዱ። አብርሆት ይህችን ቃል ዓመቱን ሙሉ አልረሳቻትም። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

ዘንድሮ እንምራችሁ ያለ ሰው ጠፋ። አብርሆት ራሷ ቅዳሜ ገበያ ሄዳ ጋሽ ዓለሙን ማር ሲሸጡ አገኘቻቸው። በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖ ሰላም አለቻቸው፤ ደግመው እንዲመሯቸውም ለመነቻቸው። እሳቸው «በማን ቃል ነው የምመጣው?» አሏት።

«በእኔ።»

«አንቺ የማን ነሽ?»

«የታንጉት ልጅ ነኝ፤ የጤና ጣቢያዋ።»

«እንግዲያው ስሚ የታንጉት ልጅ። ቡና ለቀማ ላይ ነኝ፤ አንድ ቀን ማለት ለእኔ ብዙ ነው። እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ድልድዩ አጠገብ ካለችው ሱቅ ጋ እቀመጣለሁ። አንድ ሰዓት ካለፈ ግን ሄጃለሁ። ሁለተኛም አትጠሩኝ።» እጃቸውን ዘረጉላት። ያንን ሻካራ እጅ የጨበጠችው እሷ ናት፤ ክበቡም፣ ትምህርት ቤቱም አይደለም። ሽማግሌው ባሉበት ደግሞ የስልክ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም፤ ይቅርታ ጥቂት ዘገየን ብሎ መደወል እንኳን አይቻልም።

ሰዓቷን እንደገና አየች። ለአስራ ሁለት አስር ጉዳይ።

«ውረዱ!» አለች።

«ምን?» አሉ መምህሩ።

«ውረዱ ልጆች! መናኸሪያ እንሄዳለን። የጅማ ሚኒባስ ጎጀብን አልፎ ነው የሚሄደው። ለምሳ ብላችሁ የያዛችሁትን ገንዘብ ለመሳፈሪያ እናደርገዋለን፤ ዳቦ ይዘናል፣ አንሞትም።»

አብዮት ቀድሞ ዘለለ። «አቦ ይመችሽ! እኔማ ቂጤ በረዶ ሆኗል» አለ። ሌሎቹ መምህሩን እያዩ፣ አብርሆትን እያዩ፣ አንድ በአንድ ወረዱ። ሹፌሩ ቀና ብሎ አይቶ መልሶ ተኛ።

«አብርሆት! አንቺ ልጅ!» መምህሩ መንገዷ ላይ ቆሙ። «የሰው መኪና ተውሰን ባለቤቱን ጥለን ስንሄድ ምን ይሉናል?»

«ጋሽ ዓለሙስ ምን ይሉናል?»

ጎንበስ ብላ በመምህሩ አጠገብ አለፈች። አስተማሪ አልፋ ሄዳ አታውቅማ! ነገር ግን እግሯ አልቆመላትም፤ ከኋላዋ የዘጠኝ ሰው ኮቴ እየተከተላት ቁልቁለቱን ወደ መናኸሪያው ወረደች።

«ጅማ፣ ጅማ፣ ጅማ! የሞላ መኪና! ሁለት ሰው ብቻ!» ይላል ወያላው። ሚኒባሱ ባዶውን ነው። አንድ ነፍስ የለበትም፤ ወያላም እንደ ከተማው ሁሉ የሚለው ሌላ፣ ያለው ሌላ ነው።

«ጎጀብ ድልድዩ ጋ ታወርደናለህ?» አለችው አብርሆት።

«ስንት ናችሁ?»

«አስር።»

የወያላው ዓይን በራ። «ግቡ፣ ግቡ! አስራ ሁለት ሰው ሲሞላ ንቅል ነው! በሰዓት የሚሄድ መሰለሽ እንዴ? ሲሞላ ነው የሚሄደው።»

አብርሆት ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አላት። ሰውን የሚያስጠብቀው መኪና የሚሞላው በሰው ነው፤ ሰው ደግሞ እነሱው ናቸው። አስሩ ተግተልትለው ገቡ። ወዲያው መምህር ወልደሥላሴ ጋቢያቸው እየተጎተተ፣ ላባቸው ጠብ እያለ ደረሱ። «ብቻችሁን ልልቀቃችሁ? ወላጆቻችሁ ምን ይሉኛል?» አሉና ከሹፌሩ አጠገብ ገብተው ተቀመጡ። ይሉኝታቸው ከሁለት አቅጣጫ ሲጎትታቸው ቆይቶ አንደኛው አሸነፈ። አስራ አንድ ሆኑ።

አንድ ቦታ ቀረ። አብርሆት አጠገብ ነው። ቦርሳዋን አስቀምጣበታለች፤ መቼ እንዳስቀመጠችው ራሷም አላወቀችም።

ሁለት ዶሮ ያንጠለጠሉ ሴትዮ በሩ ጋ ብቅ አሉ። «ጊምቦ ወራጅ ነኝ። ቦታ አለ?»

«አለ እናቴ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን! ሲገቡ እንወጣለን!» አለ ወያላው፤ አሁን እውነቱን ነው። ከዚያም ወደ አብርሆት ዞሮ «ቦርሳው ይነሣ!» አላት።

አብርሆት ቦርሳው ላይ እጇን ጫነች። ወደ መናኸሪያው በር አየች። መሲ የለችም።

«ለመሲ ነው?» አላት አብዮት ቀስ ብሎ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም። ጋሽ ወንድማገኝን ጥላ መጥታ መሲን ከጠበቀች ምኑን ሰዓት አክባሪ ሆነችው? ጉዳዩ ሰዓት ሳይሆን ወዳጅና ባዳ መለየት ሊሆን ነው። ግን ደግሞ መሲ ናት! ባለፈው ክረምት አብርሆት ወባ ይዟት ስትተኛ በየቀኑ እየመጣች ደብተሯን የገለበጠችላት መሲ።

«እንዴ፣ ምን እየሆንሽ ነው? ሰውዬሽ ይሄዱብሻል» አለ አብዮት።

አብርሆት ቦርሳውን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች። «እናቴ፣ ይግቡ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም የሌላ ሰው ሆነባት።

ሚኒባሱ ወጣ። የከፋው ነገር ግን ገና ነበር። መንገዱ በመሲ ቤት በር ነው የሚያልፈው። መሲ በሩ ላይ ቆማለች፤ በቤት ልብስ፣ የጥርስ ብሩሽ አፏ ውስጥ፣ ከንፈሯ ዙሪያ ነጭ አረፋ። ልጆቹ «መሲ! መሲ!» እያሉ ጮኹ። መሲ ዓይኗ ፈጠጠ። ብሩሹን ከአፏ አውጥታ እጇን ከፍ አደረገች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። አብርሆት «ወራጅ አለ» ብትል መኪናው ይቆም ነበር። መሲ ግን ጫማ እንኳን አላደረገችም፤ ቦታም የለም፤ ሰዓቱም አስራ ሁለት ከአምስት ሆኗል። አብርሆት አፏን አልከፈተችም። የሴትዮዋ ዶሮ ስትጭራት እግሯን ሰበሰበች።

ድልድዩ ሳይደርሱ ካለችው ሱቅ አጠገብ ሲወርዱ ለአንድ ሰዓት አምስት ደቂቃ ይቀረው ነበር። ጋሽ ዓለሙ ዱላቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩአቸው አልተነሡም። መኪናውን አዩ፣ ልጆቹን አዩ፣ ከዚያ አብርሆትን አዩ።

«መጣሽ እንዴ?»

«መጣሁ ጋሽ ዓለሙ።»

«ወይ ጉድ!» አሉና እየሳቁ ተነሡ። «እኔማ ለመሄድ ነበር የተዘጋጀሁት። በሉ ኮቴ ሳታሰሙ ተከተሉኝ።»

በሣሩ መሀል ሃያ ደቂቃ ያህል ተጓዙ። ጠሉ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት አራሰው። ወንዙ ሰፋ ብሎ የሚታጠፍበት ቦታ ሲደርሱ ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። መጀመሪያ የታየ ነገር የለም። ከዚያ ከወዲያ ማዶ ሣሩ ተከፈለና አንድ ትልቅ ጉማሬ፣ ቆዳው በጠሉ እያበራ፣ እየተጎማለለ ወጣ። ከኋላው ሌላ። ከሁለተኛዋ ጎን ደግሞ ግልገል፤ አጭር እግሩ እየተወላከፈ እናቱን ሊደርስባት ይሮጣል። ውኃው ዳር ሲደርስ ፈራ። እናቱ በአፍንጫዋ ገፋ አደረገችው፤ ቧ! ብሎ ገባ።

አብዮት እንኳን ቀልድ ጠፋው። መምህር ወልደሥላሴ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት ሲነካ አላወቁም፤ ስንት ዓመት ስለ ጉማሬ ሲያስተምሩ ኖረው ጉማሬ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። አብርሆት ሰባት ቆጠረች። ደስታዋ ወሰን አጣ። ከጉማሬዎቹ የአንድ ሰዓት መንገድ ብቻ ርቃ ተወልዳ አስራ አምስት ዓመት ሙሉ አላየቻቸውም! ወዲያው ደግሞ መሲን አሰበች፤ ደስታው ግማሹ ተሸራረፈ። «መሲ ብታየው ኖሮ» አለች በልቧ፤ ከዚያ በራሷ ተናደደች። መሲ ማየት ትችል ነበር። ማን ከለከላት?

አንድ ሰዓት ከአርባ ሲሆን ፀሐይዋ ውኃው ላይ ወደቀች። ጉማሬዎቹ አንድ በአንድ ወደ ቄጠማው ገቡ። ወንዙ ውኃ ብቻ ሆነ።

ኮስተሩ የመጣው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ልጆቹ ሱቋ ጋ ተቀምጠው ዳቦ በሻይ ይበላሉ፤ ጋሽ ዓለሙም አብረዋቸው ናቸው። መጀመሪያ ጋሽ ወንድማገኝ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው ወረዱ፤ ቀጥሎ እትዬ ላቀች ፔርሙዝና የምግብ ቅርጫት አንጠልጥለው። በመጨረሻ መሲ ወረደች። አብርሆትን አላየቻትም፤ ማለትም እንዳላየች ሆነች።

«እህ፣ የታሉ ጉማሬዎቹ?» አሉ ጋሽ ወንድማገኝ እጃቸውን እያሻሹ።

«ገብተዋል» አሉ ጋሽ ዓለሙ።

«ታዲያ ይጥሯቸዋ! ለዚህ አይደል እንዴ የመጣነው?»

«ጉማሬ ሰው አይጠብቅም ጌታዬ።» ሽማግሌው ዱላቸውን አነሡ። «እኔም ለቀማ አለብኝ።» ከዚያ ለአብርሆት እጃቸውን ሰጧት። «ሌላ ጊዜ ስትመጪ ንገሪኝ» አሏትና መንገዳቸውን ሄዱ።

ጋሽ ወንድማገኝ መነጽራቸውን አወለቁ። ጆሯቸው ቀልቷል። «መኪና አዋስኩ፣ ቅዳሜዬን ሰጠሁ፤ እኔን ጥሎ መሄድ! ይህን የቀየሰችው ይህች ልጅ ናት አሉ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?»

«የዘገዩትስ ምን ለቀሙ ጋሽ ወንድማገኝ?» አለች አብርሆት። ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው።

«ኧረ ምላሷ! ኧረ ጉድ ነው!» አሉ እትዬ ላቀች። «እኛ ምን አጠፋን? አስራ ሁለት ተኩል ነው ተብለን ነው። 'ልጅቷ አንድ ሰዓት አስቀድማ ነው የጻፈችው፤ እናንተ በብርድ አትጉላሉ' ብለው የነገሩን ራሳቸው መምህር ናቸው። ለዚህች ለጎረቤቴ ልጅም እኔው ነኝ የነገርኳት፤ ምስኪን እንቅልፏን እንድትተኛ ብዬ።»

ሁሉም ወደ መምህር ወልደሥላሴ ዞረ። መምህሩ የሻዩን ብርጭቆ ያስቀመጡበት ቦታ የጠፋቸው ይመስላሉ።

«ቲቸር?» አለች አብርሆት። «እርስዎ?»

«እኔማ… ሁሌም እንደዚያ አይደል የሚደረገው? አንቺም ያስቀደምሽ መስሎኝ…»

«አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም ብዬ ጽፌ!»

«እሱንም እንዲያምኑሽ የጻፍሽው መሰለኝ።»

አብርሆት የምትስቀው ይሁን የምትጮኸው አላወቀችም። ሀቅ ብትናገር እንኳን ሀቅ አይመስላቸውም! ጋሽ ወንድማገኝ ግን ነገሩ ተፈታ ብለው እጃቸውን አወዛወዙ። «በቃ፣ ሆነ አንዴ። እኔ ቂም አላውቅም። ልጅቷ እዚሁ ፊታችሁ ይቅርታ ትጠይቀኝ፤ ምሳ እንብላና አብረን እንግባ። ይህ ካልሆነ ግን የመሥሪያ ቤቱን መኪና ሁለተኛ አታዩአትም።»

አስር ተማሪ አብርሆትን አየ። መኪና ከሌለ ጉዞ የለም፤ ወደፊት ሊያዩት ያሰቡት የማንኪራ የቡና ጫካም፣ ፏፏቴውም ቀረ። መምህሩ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ።

«አቶ ወንድማገኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጭን ሆኗል፤ «ልጅቷ ጥፋት የለባትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩዎትም መምህር። ታላቅን ጥሎ መሄድ ጥፋት ነው ወይስ አይደለም? እሷ ትመልስ።»

አብርሆት ቀና አለች። «ጋሽ ወንድማገኝ፣ ታላቄ ነዎት፤ አከብርዎታለሁ» አለች። «ግን ጋሽ ዓለሙም ታላቄ ናቸው። አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብዬ ቃል የሰጠሁት ለእሳቸው ነው። ይቅርታ አልጠይቅም።»

እትዬ ላቀች ግንባራቸውን አማተቡ። ጋሽ ወንድማገኝ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። አብርሆት ግን ከእሳቸው ጋር ጨርሳለች። ዞራ ወደ መሲ ሄደች፤ መሲ ኮስተሩን ተደግፋ ጥፍሯን ትነክሳለች።

«መሲ።»

«ብሩሽ አፌ ውስጥ እያለ ጥለሽኝ ሄድሽ» አለች መሲ፣ ጥፍሯን እያየች። «አይተሽኛል።»

«አይቼሻለሁ።»

«አቁሙ አላልሽም።»

«አላልኩም።»

«ለምን?»

«ማስታወቂያውን ስጽፍ አጠገቤ ነበርሽ። ማርከሩን የገዛሽልኝ አንቺ ነሽ። ጋሽ ዓለሙ ያሉኝን ሁሉ ነግሬሻለሁ። ከእኔ ይልቅ እትዬ ላቀችን አመንሽ።»

«ሁሉም ሰው እንደዚያ ነዋ የሚያደርገው!» መሲ አሁን ቀና አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እኔ ምን ላርግ? ሁሉም ሰው!»

«ቦታሽን ይዤልሽ ነበር። ከዚያ ቦርሳዬን አነሣሁት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንጀቴ እያረረ ነው የዋለው፤ ጉማሬውን ሳይ እንኳን። አዝኛለሁ መሲ፤ በጣም ነው ያዘንኩት። ግን እንደገና ቢሆንም እሄዳለሁ።»

«እንግዲያው ሂጂ!» አለች መሲ። ጀርባዋን ሰጠቻት።

አብርሆት ሱቋ ውስጥ ያስቀመጠችውን ቦርሳ ልትወስድ ገባች። ባለሱቋ አይታት ውኃ በጣሳ ሰጠቻት፤ ፊቷን ታጠበች። በኮስተሩ እንደማትመለስ ወስናለች። የማይፈልጓት ሰውዬ መኪና ውስጥ ገብታ እስከ ቦንጋ ስትሽቆጠቆጥ ልትሄድ? አታደርገውም። ሌሎቹ ቢሄዱ አትቀየምም፤ መሳፈሪያ የቀራቸው ጥቂቶች ናቸው።

ስትወጣ የኮስተሩ ሞተር ተነሥቷል። ስምንቱ ልጆች ገብተው በመስኮት እጃቸውን ያወዛውዙላታል። አብዮት ግን ውጭ ቆሟል። መምህሩም አልገቡም፤ በመስኮቱ በኩል ጋሽ ወንድማገኝን «እኔ ከቀሩት ጋር በታክሲ እመጣለሁ» ሲሏቸው ሰማች። መስኮቶቹን አንድ በአንድ አየች። መሲን አጣቻት።

መሲ ከአስፋልቱ ማዶ፣ የቦንጋ መኪና የሚቆምበት ጋ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

አብርሆት መንገዱን ተሻገረች። መሲ ቀና ብላ አላየቻትም።

«ቀድሜሽ መጥቻለሁ» አለች መሲ። «አልታረቅኩሽም ግን።»

«እሺ።»

«ስለ ጉማሬው አንድ ቃል እንዳትነግሪኝ።»

«እሺ።»

ድንጋዩ ለሁለት ይጠባል። መሲ ግን ትንሽ ጠጋ አለች፤ አብርሆት ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ኮስተሩ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። አብዮትና መምህሩ ከሱቋ ጥላ ሥር ቆመው ያወራሉ፤ መምህሩ ሰዓታቸውን አወጡ፣ አዩ፣ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

ብዙ ቆይቶ ከጅማ በኩል አንድ ሚኒባስ መጣ። ወያላው ገና ከሩቁ በመስኮት ወጥቶ ይጮኻል፦ «ቦንጋ! ቦንጋ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!»

በሩ አብርሆት ፊት ተከፈተ። ቦታው ይታያል፤ ጥግ ላይ ነው። እናቷ ትጠብቃታለች፤ ሰባት ሰዓት እገባለሁ ብላ ነው የወጣችው። መሲ መሬቱን እያየች ነው፤ እጇ ግን የቀሚሷን ጫፍ ጨምድዶ ይዟል።

«ትገቢያለሽ አትገቢም? ቶሎ በይ፣ ሰዓት የለንም!» አለ ወያላው።

«እማዬ ትቆጣኝ» አለች አብርሆት በልቧ፤ ቤት ስትገባ ለምን እንደዘገየች እውነቱን ትነግራታለች።

«ሂድ» አለችው። «እኛ ሁለት ነን።»

ሚኒባሱ ሄደ። አብርሆት ተደላድላ ተቀመጠች፤ መሲም ቀሚሷን ለቀቀች።